ወንድሜ ያላነበበው ማስጠንቀቂያ

ወንድሜ ወረቀት አይጥልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ካርቶን ፋብሪካ በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠው ወረቀት፣ «የሥራ ልብስ ሳይለብሱ ወደ ማሽን ክፍል መግባት ክልክል ነው» የሚለው፣ ዛሬም አልጋው ሥር ባለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ አለ። በላዩ ላይ የአሥር ዓመት ሰርኩላር በቀን ተራ ተደርድሯል፤ የፈረቃ ለውጥ፣ የጓንት እደላ፣ የመታጠቢያ ቤት ጽዳት፣ ምኑ ቅጡ። እራት ላይ ለእማዬና ለእኔ ያነብልን ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ የሥራ አስኪያጁን ድምፅ አስመስሎ «ለሁሉም የሥራ ክፍሎች!» ሲል እማዬ «አቤት ጌታዬ!» እያለች ትቀበለዋለች።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባታችን ሲሞት እኔ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ ተማረ። ፊደል የለየሁት ከእሱ ደብተር ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ደግሞ ከእነዚያ ሰርኩላሮች። ሌላ የሚነበብ ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እናም ፋብሪካውን በእግሬ ሳልረግጠው ከነጓዳው አውቀው ነበር።

የሥራ ባልደረቦቹ «ጥንቁቁ» ይሉታል። መቀለዳቸው ነው። ጓንቱን ሁለት ጊዜ አራግፎ የሚያጠልቅ፣ የጫማውን ማሰሪያ ማሽን እንዳይበላው ወደ ውስጥ የሚወሽቅ ሰው ነበር። የሚሠራበት ማሽን መጭመቂያ ይባላል። የካርቶን ትርፍራፊ ከላይ ይገባለታል፣ እሱ ጨምቆ በሽቦ አስሮ ያወጣዋል። አንዳንዴ ካርቶኑ ይቀረቀራል። ያን ጊዜ በጎን ያለውን የብረት በር ትከፍታለህ፤ በሩ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ ይቆማል፤ የተቀረቀረውን በእጅህ ትመዝዛለህ። ወንድሜ ይህን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት አድርጎታል።

ወረቀቶቹን የሚያድሉት የፋብሪካው ተላላኪ ነበሩ። ሁሉም ሰው ጋሽ ደብዳቤ ይላቸዋል፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው ይባላል። የሸራ ቦርሳ አንግተው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ጥቁር መዝገብ በብብታቸው ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። አንድ ልማድ ነበራቸው። ወረቀቱን ይሰጡህና አንብበህ እስክትጨርስ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ መዝገቡን ሳይከፍቱ «እስቲ ምን ይላል?» ይሉሃል። በራስህ አፍ መልሰህ ካልነገርካቸው አያስፈርሙህም። ማንበብ ለማይችል ራሳቸው ያነቡለታል፤ እሱም መልሶ ይነግራቸዋል። አንድ ጊዜ የጭነት ሠራተኛ ቸኩሎ ኖሮ፣

«ጋሼ፣ ስለ ጫማ ነው የሚለው» ይላቸዋል።

«ስለ ጫማ ምን?»

«ስለ... ጫማ ነዋ!»

«በል ቁጭ ብለህ እንደገና አንብብ። እኔ ጫማ መሆኑንማ ከሩቁም አየሁት።»

ወንድሜ ይህን ሲያወራልን በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። «እትዬ፣ ፈተና እኮ ነው!» ይለኛል። ጋሽ ደብዳቤ ግን አይቀልዱም። «ፊርማማ ዶሮም ትጭራለች» ይሉ ነበር አሉ። «እኔ የማደርሰው ኪሱ ድረስ አይደለም፣ ጭንቅላቱ ድረስ ነው።»

ባለፈው ዓመት ወረቀት ቀረ። ስብሰባ ተጠራ፣ ለስላሳ ታደለ፣ ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ከእንግዲህ ማንኛውም ሰነድ በኮምፒውተር እንደሚሰራጭ ተናገረ። አንድን ሰርኩላር ለአራት መቶ ሠራተኛ ለማዳረስ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው በሁለት ሰከንድ ያልቃል አለ። እውነቱን ልናገር፣ ነገሩን አልጠላሁትም። መልእክት ቶሎ ቢደርስ ማን ይጠላል? ካርቶን ከሚያመርት ቤት ወረቀት መባረሩ ብቻ አሳቀን። የዚያን ቀን ማታ ወንድሜ እራት ላይ ባዶ እጁን ዘርግቶ «ለሁሉም የሥራ ክፍሎች!» አለና ዝም አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሳጥን ተሰጠኝ፣ እትዬ። መልእክቴ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው።»

«የታለ ሳጥኑ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ፈረቃ አለቃው ክፍል። ለአርባ ሦስታችን አንድ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«የመታወቂያ ቁጥሬ።»

«መታወቂያህ አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ አይደል እንዴ የሚውለው?»

«የሁላችንም እንደዚያው ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፈረቃው ሲወጣ ሳጥኑን ሊያይ ሄዶ ነበር። አንድ ቀን ክፍሉ ተቆልፎ አገኘው። አንድ ቀን አለቃው ስልክ ይዞ ነበር። በሦስተኛው «አንተ ሰው፣ ምን ያንቀለቅልሃል? ዋና ነገር ሲመጣ እኔ እነግርህ የለም?» አለው። ወንድሜ ሰው አማኝ ነው፤ በዚያው ተወው። ጋሽ ደብዳቤንም ጡረታቸው ሁለት ዓመት ስለቀረው ዋናው በር ላይ አስቀመጧቸው፤ ለጭነት መኪና የበሩን ማገጃ ብረት ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ቦርሳቸውን መልሱ ተብለው መለሱ። መዝገቡን ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፣ ከዚያ በኋላ ለምን ይፈለጋል ተብሎ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ካርቶን ተቀረቀረ። ወንድሜ በሩን ከፈተ፣ እጁን ሰደደ። ማሽኑ አልቆመም። ከዚህ ያለፈውን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ለእማዬ አልነገርኳትም፣ እዚህም አልጽፈውም። ረቡዕ ቀበርነው። ፈረቃ አለቃው ከለቀስተኛው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ሁለት ሰዎች ደግፈውት ሲሄድ አይቼ «ይህ ሰው እንዴት ቢወደው ነው» ብዬ አዘንኩለት። ዐይን አያይ የለ።

በሳምንቱ ሰኞ፣ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ጎረቤታችን ልታስተዛዝን ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። ፋብሪካው ለሠራተኛው ሁሉ መልእክት አሰራጭቷል። እሷም ከአለቃዋ ኮምፒውተር ላይ አይታ በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ገልብጣዋለች። ቀስ ብላ አነበበችልኝ።

«ባልደረባችን ከማሽኑ ብልሽት ጋር በተያያዘ የተሰራጨው የጥንቃቄ ማስጠንቀቂያ ደርሶት፣ አንብቦትም ሳለ፣ በራሱ ቸልተኝነት ሕይወቱ አልፏል። ሠራተኞች በሙሉ ከዚህ ትምህርት እንድትወስዱ እናሳስባለን።»

«የምን ማስጠንቀቂያ?» አልኩ።

ጎረቤታችን እንደነገረችኝ፣ ለካ በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው መሣሪያ ከአደጋው በፊት በነበረው ቅዳሜ ተበላሽቶ ለጥገና ተፈትቷል። ሰኞ ጠዋት፣ ከአደጋው አንድ ቀን በፊት፣ መልእክት ወጥቷል፤ በሩ ቢከፈትም ማሽኑ ስለማይቆም ዋናው ማጥፊያ ሳይጠፋ ማንም እጁን እንዳያስገባ የሚል። ጥሩ መልእክት ነው። ጥርት ያለ ነው። ጋሽ ደብዳቤ ይዘውት ቢዞሩ ኖሮ ወንድሜ በአንድ ትንፋሽ ይመልስላቸው ነበር።

እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች ብለን ነበር። አልተኛችም።

«ተነግሮት ነበር?» የሚል ድምፅ መጣ።

ጎረቤታችን የተጻፈበትን መዳፏን ጨበጠች።

«እናንተን እኮ ነው። ልጄ ተነግሮት ነው እጁን የሰደደው?»

«ውሸታቸውን ነው እማዬ!»

«ውሸታቸውን መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማልቀስ አቆመች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ለማልቀስ የሞተብህን ሰው ማወቅ አለብህ፤ እሷ ደግሞ የሞተባት የትኛው ልጇ እንደሆነ አደናገሯት። ጥንቁቁ ነው ወይስ ቸልተኛው? ምግብ ሳቀርብላት አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የልጄን ስም አብረው ቀበሩት።»

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደብዳቤ መጡ። ሲቀመጡ መዝገባቸው በብብታቸው ነበር። መልእክቱን ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ጣሳ አለው ይሉት ነበር፤ እስቲ አምጪልኝ» አሉ። ከጣሳው ከላይ ያለውን ወረቀት አነሱ። ካለፈው ዓመት ነው፤ በወረቀት ከታደሉት የመጨረሻው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልን። «በመጭመቂያ ማሽን ላይ ካርቶን ሲቀረቀር በእንጨት መጎርጎር ክልክል ነው። በሩ ይከፈት። በሩ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ ስለሚቆም የተቀረቀረው በእጅ ይወገድ።»

መዝገባቸውን ገለጡ። የወንድሜ ፊርማ አለ፣ ያቺ ጅራቷ የረዘመ ፊርማው።

«እስቲ ምን ይላል ስለው፣ በሩን ከፍቶ በእጅ ማውጣት ነው፣ በእንጨት የለም ብሎኛል» አሉ። «የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ የኔ ልጅ። የታዘዘውን ሲያደርግ ነው የሞተው።»

በማግስቱ ጠዋት ጥቁሬን እንደለበስኩ ፋብሪካው ሄድኩ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ አንድም ወረቀት አይታይም። ጠረጴዛው እንደ መስታወት ያበራል፤ ኮምፒውተሩና አንድ ማሰሮ አበባ ብቻ። አበባውም የላስቲክ ነው።

«በመጀመሪያ የድርጅቱን ጥልቅ ሐዘን...» ብላ ጀመረች።

«ሐዘኑን ተቀብያለሁ። አንዲት መስመር አጥፉልኝ ልል ነው የመጣሁት።»

«የትኛዋን?»

«አንብቦት ሳለ የምትለዋን። አላነበበም።»

«እህታችን፣ ስሜትዎን እረዳለሁ። ግን እኛ ከራሳችን አልጻፍንም። የሚለው ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙ ማነው?»

ፈገግ አለች። «ሰው አይደለም እኮ።»

«ሰው ካልሆነ ምን ዐይን ኖሮት ይመሰክራል?»

ፈገግታዋ ሄደ። ተነፈሰች፣ ቁልፎቹን ቀጨቀጨችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «ይኸው፣ የወንድምዎ ሳጥን ነው። ማንበብ ይችላሉ?»

«እሞክራለሁ።»

የወንድሜ ስም ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ በአረንጓዴ «ተነቧል» ይላል። እርሳሷን ወደ መሐል ሰደደች። «ይህቺን ይመልከቱ። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። የመጭመቂያ ማሽን ጥንቃቄ። ተነቧል።»

እኔ ግን ንባብ የተማርኩት በልጅነቴ አይደለም። በጎን ዘልዬ መግባት አልችልም፤ ሁልጊዜ ከላይ ነው የምጀምረው፣ በጣቴ እየተከተልኩ።

«እሱ አዲሱ ነው፤ አሮጌው ከታች ነው ያለው፣ እዚህ ጋ» አለችኝ።

«ቆይ፣ አታጣድፊኝ።»

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላት።

«ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ። የባልደረባችንን ድንገተኛ ሞት ይመለከታል። ተነቧል።» ጣቴን ወደ ታች አወረድኩ። «ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የሻይ እረፍት ሰዓት ማሻሻያ። ተነቧል።»

ቀና አልኩ። «ወንድሜን የቀበርነው መቼ ነው?»

ዐይኗን ወደ ላስቲኩ አበባ አዞረች።

«አበባ ልካችሁ ነበር እኮ። መቼ ነው የቀበርነው?»

«ረቡዕ...» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ዓርብ የሻይ ሰዓት አንብቧል። ትላንት ደግሞ የራሱን ሞት አንብቧል። መርዶውን ለራሱም ነገራችሁት ማለት ነው?»

መዳፏን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነች፣ እንደ ቁስል ልትሸፍነው። «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስለኛል፣ ይጣራል» አለች።

«ይጣራ። እኔ ግን አሁን ከዚህ የምሄደው ወደ ፈረቃ አለቃው ነው።»

ልትከለክለኝ ብድግ አለች፤ ደግሞ ተቀመጠች።

የፈረቃ አለቃው ክፍል ከማሽኖቹ አጠገብ ነው። በመስታወቱ መጭመቂያው ይታያል፤ ቆሟል፣ ዙሪያውን ገመድ ተዘርግቶበታል። ሰውየው ሲያየኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩም። ኮምፒውተሩ ጎን ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀት! በዚያ ሁሉ ቢሮ ያየሁት ብቸኛው ወረቀት። አርባ ሦስት ስም፣ በየስሙ ፊት የመታወቂያ ቁጥር። የወንድሜ አሥራ ሰባተኛ ነው። አልተሰረዘም።

«አንተ ነህ» አልኩት።

መካድ እንኳ አልሞከረም። «እስከ አምስት ሰዓት ሁሉም ካላነበበ ክፍላችን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን በቀይ ይታያል። በመጀመሪያው ወር ቀይ ሆነን በስብሰባ መሐል አስቆሙኝ፣ እህቴ። በእኔ ዕድሜ! አርባ ሦስት ሰው ከማሽን አውርጄ በአንድ ኮምፒውተር ፊት ላሰልፍ? ምርቱስ ሲጎድል ማን ይጠየቃል? ሁሉም ክፍል እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጠይቂ።»

«ማስጠንቀቂያውን አንተ አነበብከው?»

«ከፈትኩት።»

«አነበብከው ወይ ነው ያልኩህ።»

«አርባ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት» አለ። «አርባ ሦስት ጊዜ ከፍቼ፣ አንብቤያለሁ የሚለውን ተጭኜ ዘጋሁት።»

አርባ ሦስት ጊዜ! አንዴ ቢያነበው፣ አንዴ ብቻ፣ አንገቱን በመስታወቱ ብቅ አድርጎ «ጥንቁቁ፣ በሩን አትመነው» ቢል ያበቃ ነበር። ከወንበሩ እስከ መጭመቂያው ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ስወጣ ቆጥሬዋለሁ።

«ልጆች አሉኝ» አለኝ። «እህቴ፣ እኔ የነካሁት ቁልፍ ብቻ ነው።»

«እሱም የነካው በር ብቻ ነበር» አልኩትና ወጣሁ።

ከዚያ መመላለስ መጣ። «እየተጣራ ነው።» «ኮሚቴ ተቋቁሟል።» «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት።» ሁለት ሰከንድ የሚባለው ነገር የት እንደገባ እንጃ። በስተመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ስደውል አንድ ጸሐፊ አነሳ።

«የማስተካከያ ደብዳቤው ወጥቷል እኮ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። «ከአራት ቀን በፊት ተልኳል።»

«ለማን?»

ቁልፎቹ ሲቀጨቀጩ ሰማሁ። «ለሚመለከተው ሠራተኛ... ለወንድምዎ ሳጥን። እስካሁን አልተነበበም ይላል። ከተነበበ በኋላ ነው ለሌሎች የሚሰራጨው።»

ሰውየውን መስደብ ፈልጌ ስድብ አጣሁ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ሳያነብ «ተነቧል»፤ ሞቶ የሻይ ሰዓት «ተነቧል»፤ ስሙን የምታጸዳው አንዲት ደብዳቤ ስትመጣ ግን ራሱ ከመቃብር ተነስቶ ያንብባት ሆነ! አሁን ቁልፉን የሚጫንለት እጅ ጠፋ። ስፌቱን በመርፌው ላይ እንዳለ ትቼ ወጣሁ።

ዋናው በር ላይ ጋሽ ደብዳቤ ብረታቸውን ይዘው ቆመዋል። ነገሩን ነገርኳቸው። ካርቶን የጫነ መኪና ሊወጣ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ደብዳቤ ብረቱን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ፣ ክፈቱ እንጂ!» አለ ሾፌሩ።

«አይከፈትም።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ወረቀት ካልወጣ መኪናም አይወጣም።» ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሩ። «ላይ ደውልና ንገራቸው። የዚህችን ልጅ ደብዳቤ በወረቀት፣ በፊርማ፣ በማህተም ያውርዱ በላቸው። ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ወረቀት ከጠፋ ከመኪናው ላይ ቀደን እናቀብላቸዋለን።»

ሁለተኛ መኪና መጣ፣ ሦስተኛ መጣ። ጥሩምባው ጆሮ አደነቆረ። የመጀመሪያው ሾፌር ወርዶ ሊጣላ ነበር፤ ጥቁር መልበሴን አየ፣ ጥበቃው በጆሮው አንድ ነገር አለው፤ ተመልሶ ገባና ሞተሩን አጠፋ። «በሉ እኔም ዛሬ አልቸኩልም» አለ። የኋለኞቹም አጠፉ።

ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ መስኮት ሁለት ጊዜ መጋረጃ ተገለጠ። አምስተኛው መኪና ሲሰለፍ ፈረቃ አለቃው አንድ ፖስታ ይዞ ግቢውን አቋርጦ መጣ። ሆን ብለው ነው የላኩት ወይስ ራሱ ነው የጠየቀው፣ አላውቅም። ፖስታውን ወደ እኔ ዘረጋ። ጋሽ ደብዳቤ በመሐል ገቡ።

«አንብበኸዋል?»

«ጋሼ፣ እኔ አድርስ ተብዬ ነው...»

«አንብበኸዋል ወይ?»

ሰውየው አላነበብኩም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ደብዳቤ ፖስታውን ከፍተው ወረቀቱን በእጁ መለሱለት። እዚያው፣ አምስት ሾፌሮች እያዩት፣ ቆሞ አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። እስኪጨርስ ማንም አላጣደፈውም። ሲጨርስ ወረቀቱን ሰጥቶኝ በመጣበት ሄደ። ልቤ እንዲራራለት ጠበቅኩ፤ አልራራም፣ እስከ ዛሬም እምቢ እንዳለ ነው። ጋሽ ደብዳቤ ብረቱን ከፈቱ፣ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጡ፣ «እኔ ደብዳቤ ማድረስ አለብኝ» ብለው ተከተሉኝ። ማንም የት ይሄዳሉ አላላቸውም።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ነበር። ጋሽ ደብዳቤ ከጎኗ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ያ ጉሮሮ መጥረግ የማን እንደነበረ እኔና እማዬ እናውቃለን።

«ቀደም ሲል በተሰራጨው መልእክት ሟች የጥንቃቄ ማስጠንቀቂያውን አንብበዋል ተብሎ የተገለጸው በአሠራር ክፍተት የተመዘገበ መሆኑ በተደረገው ማጣራት ስለተረጋገጠ፣ ቸልተኝነትን የሚጠቅሰው ክፍል እንዲሰረዝ ሆኖ መልእክቱ የታረመ መሆኑን እናሳውቃለን።»

የአሠራር ክፍተት! ስም የለው፣ እጅ የለው፣ ይቅርታ የለው። ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ደብዳቤ በዐይናቸው ዝም አሰኙኝ። አንድ ጊዜ ደግመው፣ ቀስ ብለው አነበቡላት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጡ። መዝገቡን አልከፈቱም።

«እስቲ ምን ይላል?» አሏት።

እማዬ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ወረቀቱን ነካችው፣ ማህተሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ልጄን አልነገሩትም ይላል» አለች።

«ሌላስ?»

«ሳይነግሩት፣ ሰምቷል ብለው በስሙ ተናገሩ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ልጄ ቸልተኛ አልነበረም ይላል።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ደብዳቤ፤ ያን ጊዜ መዝገቡን ከፈቱ። ገጹ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምንም አልተጻፈበትም። የመጨረሻዋ ፊርማ የወንድሜ ነበረች። ከሥሯ ቀኑን ጻፉ፤ ከቀብሩ ሃያ ሦስተኛው ቀን ነበር። እማዬ መፈረም አታውቅም፤ እስክሪብቶውን እጇ ውስጥ አስያዝኳት፣ አንዲት የተንሻፈፈች መስመር አሰመረች።

ጣሳውን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ደብዳቤውን በአራት አጥፌ «በሩ ይከፈት» ከሚለው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ ማልቀስ የጀመረችው ክዳኑን ስገጥም ነው። ስሙን እየጠራች፣ ጥንቁቁ ልጄ እያለች አለቀሰች፤ ጋሽ ደብዳቤም ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረዋት ተቀመጡ።